በኮሮና ወቅት የልጆቼ ትምህርት ቤት ለቤተሰቦቹ ያደረገው

ስለ ኮሮና ወቅትና ስለ ትምህርት ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው በሬዲዮ ስለተላለፈው ትምህርት፣ በቴሌግራም ስለተላከው የቤት ሥራ እና ያለ ፈተና ከክፍል ወደ ክፍል ስለተዛወሩት ተማሪዎች ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ማስቀመጥ የምፈልገው ግን ሁለት ልጆቼ የሚማሩበት፣ ባሕር ዳር የሚገኘው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በእነዚያ ወራት የተማሪዎቹን ቤተሰቦች እንዴት እንደደገፈ ነው። በወላጆች ኮሚቴ ውስጥ ስለነበርሁ ነገሩን ከቅርብ ተከታትየዋለሁ። እህልና ዘይት የሰጡ ሌሎችም ነበሩ፤ ይህን ትምህርት ቤት የለየው፣ የተቸገረውን ሰው በጎረቤቱና በልጁ ፊት ሳያሳፍር መስጠቱ ነው።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀናት እንዲዘጉ ተወሰነ። ያ 15 ቀን እየተራዘመ እስከ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ዘለቀ፤ በመላ አገሪቱም ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከቤት ዋሉ። ጭንቀቱ ለእኛ ቀድሞ ደርሶናል፤ ቫይረሱ በባሕር ዳርና በአዲስ ቅዳም በመገኘቱ ከመጋቢት 22 ቀን ጀምሮ ሁለቱ ከተሞች ከእንጅባራና ከቲሊሊ ጋር ለ14 ቀናት እንቅስቃሴ እንዲያቆሙ ተደረገ። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

ባሕር ዳር አብዛኛውን እንጀራዋን የምትበላው ከእንግዳ ነው። ከትምህርት ቤቱ ወላጆች መካከል የሆቴል አስተናጋጆች፣ ምግብ አብሳዮች፣ እንግዳ ወደ ዘጌና ወደ ጣና ገዳማት በጀልባ የሚያመላልሱ፣ ወደ ጢስ ዓባይ ጎብኚ የሚወስዱ አስጎብኚዎች፣ የባጃጅ አሽከርካሪዎች፣ ጉሊት የሚቸረችሩና ጠላ የሚሸጡ እናቶች ይገኛሉ። የእነዚህ ሁሉ ገቢ የዕለት ገቢ ነው። ጎብኚው ቀረ፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ወደየአገሩ ተሸኘ፤ ባጃጁ ቆመ። ከወር ደመወዝ በቀር ሌላ የማያውቅ ሰው ይህን በሚገባ የሚረዳው አይመስለኝም፤ የዕለት ገቢ ያለው ቤተሰብ ቆጥቦ የሚቆየው ለቀናት እንጂ ለወራት አይደለም።

ትምህርት ቤቱ የካቶሊክ ይሁን እንጂ ካቶሊክ የሆነው ተማሪ እጅግ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው የተዋሕዶ ልጅ ነው፤ ሙስሊሞችም አሉ። በጎጃም ደግሞ ካቶሊክ የሚለው ስም ሲጠራ የዐፄ ሱስንዮስን ዘመን የሚያነሡ ሽማግሌዎች ዛሬም አይጠፉም፤ ንጉሡ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1632 ሕዝቡን ወደ ቀደመው ሃይማኖቱ እስኪመልሱ ድረስ የፈሰሰው ደም በቀላሉ የሚረሳ አልነበረም። አባቴም የመጀመሪያ ልጄን ሳስመዘግብ ሃይማኖቱን እንዳያስለውጡት ደጋግመው አስጠንቅቀውኝ ነበር። ይህን የማነሣው፣ እርዳታው ከዚህ ቤት ሲወጣ ሰዉ ምን ተፈልጎበት ነው ብሎ መጠርጠሩ ስለማይቀር፣ ሲስተሮቹ፣ ማለትም የትምህርት ቤቱ መነኮሳት፣ ይህንኑ ዐውቀው እንደሠሩ ለመናገር ነው። በ2007 ዓ.ም. የባሕር ዳር–ደሴ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት ከአዲስ አበባ ተለይቶ መቋቋሙም ጠቅሟል፤ ጳጳሱ በክልሉ ውስጥ ስለሆኑ ለእያንዳንዱ ውሳኔ አዲስ አበባ ድረስ መጻጻፍ አላስፈለገም።

ሥራው በስልክ ተጀመረ። ርእሰ መምህርቷ ሲስተር ለእያንዳንዱ የክፍል ኃላፊ መምህር የተማሪዎቹን ስምና የወላጆቻቸውን ስልክ የያዘ ዝርዝር ሰጥተው፣ በየሳምንቱ ለሁሉም ቤት እንዲደውል አደረጉ፤ የስልክ ካርዱን ትምህርት ቤቱ ይሞላል። ከሁሉም በላይ ያደነቅሁት ለመምህራኑ የሰጡት ማሳሰቢያ ነው። «ምን ቸገራችሁ?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ አሏቸው። በእኛ አገር እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ ሰው፣ ጎታው ባዶ ቢሆንም እንኳ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብን» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። ስለዚህ መምህራኑ ከሰላምታ በኋላ ስለ ልጁ ጥናት ይጠይቃሉ፤ ከዚያም «ባለቤትዎ ሥራ ገቡ?»፣ «አከራያችሁ እንዴት ናቸው?»፣ «ልጁ የሚውለው ከቤት ነው?» እያሉ ጨዋታውን ያስኬዱታል። ከመልሱ የሚሰማውን መስማት የመምህሩ ፋንታ ነው። አንዲት እናት «ለጊዜው ምሳውን አክስቱ ቤት ነው የሚበላ» ካለች፣ ወይም አንድ አባት ልጆቹን ገጠር አያቶቻቸው ጋ እንደላካቸው ከነገረ፣ መምህሩ በዝርዝሩ ላይ ምልክት ያደርጋል።

የልጄ የክፍል ኃላፊ መምህር በዚህ ጉዳይ ልዩ ተሰጥኦ ነበረው። ወላጆችን «የእገሌ እናት፣ እንደምን ሰነበቱ?» ብሎ ሲጀምር ረጋ ብሎ ነው፤ ጥድፊያ የለበትም። ጀልባ የሚነዱ አንድ አባት ለሳምንታት ሁሉም ደህና ነው ሲሉት ቆይተው፣ አንድ ቀን የጀልባውን ሞተር የሚገዛ ሰው ያውቅ እንደሆነ ጠየቁት። ሞተሩን የሚሸጥ ጀልበኛ ምን ላይ እንደደረሰ ጣናን የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል። መምህሩ ገዢ አላፈላለገም፤ ጉዳዩን ለሲስተር ነገራቸው፤ ሞተሩም ሳይሸጥ ቀረ።

ከዚያ የመጣው ጥያቄ እህሉ እንዴት ይታደል የሚለው ነበር። አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ስለሚከለክልና የሁለት አዋቂ እርምጃ መራራቅ ስለሚያዝ፣ በአዳራሽ ሰብስቦ መስጠት አይቻልም ነበር፤ ቢቻልም ኖሮ ሲስተር አይፈቅዱም ነበር። የተወሰነው እንዲህ ሆነ። ለተማሪዎች የተዘጋጀው የመልመጃ ወረቀት በየሁለት ሳምንቱ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይሰጣል፤ ወላጆች በየክፍሉ በተመደበላቸው ሰዓት፣ አራት አራት እየሆኑ፣ እጃቸውን ታጥበው ይገባሉ፤ ሁሉም ወላጅ፣ ሀብታም ድኃ ሳይባል፣ አንድ ዓይነት ከረጢት ይቀበላል። በከረጢቱ ውስጥ ወረቀቱ፣ ሳሙና፣ የጤፍ ዱቄት፣ ሽሮና ዘይት አለ። የበለጠ የሚያስፈልጋቸው ቤቶች ተጨማሪውን በክፍል ኃላፊው በኩል፣ በሌላ ቀን፣ በጓሮው በር ያገኛሉ።

በኮሚቴው ውስጥ ይህን የተቃወሙ ነበሩ፤ ለባለ ሱቅ ልጅ ዱቄት መስጠት ብክነት ነው፣ ለተቸገሩት ብቻ በዝርዝር ይሰጥ አሉ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ ያለን እህል ጥቂት ነበር። ሲስተር የመለሱት ባጭሩ ነው፤ ለተቸገሩት ብቻ ከተሰጠ ከረጢት የያዘ ሁሉ የተቸገረ መሆኑ ይታወቃል፤ እጅግ የተቸገሩትም ቀድመው ይቀራሉ። እኔ ያን ጊዜም ዛሬም ትክክል ነበሩ እላለሁ። የሆነውም ይህንኑ አሳየ፤ አቅም ያላቸው ወላጆች የወሰዱትን ያህል፣ አንዳንዶቹም እጥፉን፣ መልሰው ላኩ፤ በአዴትና በመርዓዊ አካባቢ ዘመድ ያላቸው ጤፍና በቆሎ አስመጡ፤ መምህራኑ ከደመወዛቸው ቆረጡ፤ ቁምስናውም (የአጥቢያው ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን) ያለውን ጨመረ። ሰጪውም ተቀባዩም በአንድ ሰልፍ ስለቆሙ ማን ማን እንደሆነ የሚለይ አልነበረም።

በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ዋለ፤ የረመዳን ጾም የተጀመረው ደግሞ በዚያው ወር በ16ኛው ቀን ነው። ሁለቱ በዓላት የተቀራረቡ በመሆናቸው ከረጢቱ ለሁሉም ከፋሲካ በፊት እንዲደርስ ተደርጎ፣ ለሙስሊም ቤተሰቦች ተምር ተጨምሮበታል። ተምሩን ያሰቡት አንዲት የተዋሕዶ እናት ናቸው። በዚያ ሰሞን የጓሮ ጥርጣሬ ሁሉ እንደጠፋ አስተውያለሁ፤ አባቴም ሲስተሮቹን ያለስጋት ማመስገን የጀመሩት ያን ጊዜ ነው።

ስለ ወርኃዊ ክፍያ ብዙ አልጽፍም። መንግሥት የግል ትምህርት ቤቶች ከመደበኛው ክፍያ ከ50 እስከ 75 በመቶ እንዲያስከፍሉ ፈቅዶ ነበር፤ የእኛ ትምህርት ቤት ዝቅተኛውን መርጦ፣ እርሱንም ለማይችሉት ተወ። ልጆቻቸው ሌላ ትምህርት ቤት የሚማሩ ወዳጆቼ ውዝፍ ካልከፈላችሁ የልጁን ማስረጃ አንሰጥም ተብለው ሲጨነቁ ስለማውቅ፣ ይህ ትንሽ ነገር እንዳልነበረ እመሰክራለሁ።

ከስጦታው ይልቅ ሰውን ያቆመው ሥራ ነው። የተማሪዎቹን የደንብ ልብስ የሚሰፉ እናቶች ነበሩ፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሥራቸውም አብሮ ቆመ። ትምህርት ቤቱ ጨርቅ ገዝቶ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ እንዲሰፉ አዘዛቸው፤ በፍሬ ልክ ከፈላቸው፤ ጭምብሉን ለተማሪዎችና ለቤተሰቦቻቸው አደለ። ምግብ ቤት የተዘጋባቸው ምግብ አብሳዮችም ሽሮውንና በርበሬውን በማዘጋጀት በክፍያ ሠርተዋል። በተጨማሪም አዋጁን ለማስፈጸም የወጣው ደንብ አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር ይከለክል ነበር፤ መምህራኑ በስልክ ይህን ሲነግሯቸው ብዙ ወላጆች እንግዳ ሆነባቸው። ልቀቁ የተባለ አንድ ቤተሰብ መምህሩ ራሱ ከአከራዩ ጋር በአክብሮት ተነጋግሮ በቤቱ ቆይቷል። እንዲህ ያለው መረጃ ከአንድ ከረጢት ዱቄት የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

በትምህርቱ በኩል የቴሌግራሙ ሙከራ ብዙ አልራመደም፤ አብዛኛው ቤት ያለው ተራ ቀፎ ነበር። ሬዲዮው የክፍሉን ሰዓት ለሚያውቅ ጠቅሟል። የሠራው ወረቀቱ ነው፤ መምህራኑ የተመለሰውን ወረቀት ለጥቂት ቀናት ለብቻው አስቀምጠው ያርሙታል፤ ከእርማቱ ግርጌም ለልጁ በስሙ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይጽፉለታል። ታናሿ ልጄ እነዚያን ወረቀቶች አንድም ሳታስቀር ሰብስባ ይዛለች።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ትምህርት በዙር ሲከፈት፣ በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ ብቻ እንዲቀመጥ ስለታዘዘ ልጆቹ በፈረቃ ተመለሱ፤ ያልተመለሱም ነበሩ። ያ የስልክ ዝርዝር ያን ጊዜ ሌላ አገልግሎት ሰጠ፤ ማን ወዴት እንደሄደ መምህራኑ ያውቁ ነበርና፣ ገጠር የቀሩትን ልጆች በስም እየጠሩ አፈላለጉ። በተለይ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሴቶች ልጆች አሳስበዋቸው ነበር፤ በገጠሩ ትምህርት ያቋረጠች ልጅ የጋብቻ ጥያቄ እንደሚመጣባት የማያውቅ የለምና። አንደኛዋን ለማምጣት መምህሯና ሁለት የኮሚቴ አባላት እስከ ዱርቤቴ ወርደው ከአያቷ ጋር ተነጋግረዋል፤ ልጅቱ ተመልሳ የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን ወስዳለች። ሌሎች ሁለት ልጆች ግን አልተገኙም፤ የእነርሱ ነገር እስካሁን በኮሚቴው ስብሰባ ይነሣል።

ዝርዝሩ ዛሬም አልተተወም። በየዓመቱ መስከረም ላይ የክፍል ኃላፊው መምህር ለእያንዳንዱ ቤት ደውሎ ያድሰዋል፤ ከስልክ ቁጥሩ ሌላ ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ የወላጆቹ ሥራ ምን እንደሆነ፣ ችግር ቢመጣ ልጁ ወደየትኛው ዘመድ እንደሚሄድ ይመዘግባል፤ መዝገቡን ከእርሱና ከርእሰ መምህርቷ በቀር ማንም አያየውም። ከኮሮና ወዲህ ክልላችን ባየው መከራ ትምህርት በተደጋጋሚ ሲቋረጥም መምህራኑ ይህንኑ መዝገብ አውጥተው መደወል ጀምረዋል፤ ኮሚቴውም ለስልክ ካርድና ለእህል የሚሆን ገንዘብ ከፈቃደኛ ወላጆች በየወሩ ይሰበስባል።