የተደፋው ጣሳ

እናቴ ደጅ ላይ አንድ ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ነበር። ጫፉ ላይ ባዶ የቲማቲም ጣሳ ይደፋበታል። ጣሳው ካለ ጠላ አለ። ጣሳው ከወረደ ጠላው አልቋል። ሰበታ ያደገ ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

እኔ ግን ያን እንጨት እጠላው ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓደኞቼን ዋናው መንገድ ላይ እሰናበታቸዋለሁ። ደጃችን ድረስ እንዲመጡ አልፈልግም። ዩኒፎርሜ ጌሾ ጌሾ ይሸታል። ጌሾ የምወቅጠው እኔ ነበርኩ፤ ሽታው እጄ ላይ ሁለት ቀን ይቆያል። አንድ ቀን አብራኝ የምትቀመጥ ልጅ አፍንጫዋን ይዛ ቦታ ቀየረች። ምንም አላለችኝም። ያን ቀን ማታ ለእናቴ «ለምን እንደ ሰው ሌላ ሥራ አትሠሪም?» አልኳት። እናቴ መልስ አልሰጠችኝም። ድፍድፉን ማማሰል ቀጠለች። ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር።

ከአገር የወጣሁት በ2003 ዓ.ም. ነው። የመንገዱን ነገር ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ፤ ዛሬ አልነካካውም። መጨረሻ ላይ ጀርመን ገባሁ። የደረሰኝ ቦታ የባቫሪያ ምሥራቃዊ ክፍል ነው፤ ኦበርፋልዝ ይሉታል፣ ወደ ቼክ ድንበር የሚጠጋ ደጋማ አገር። ጫካ፣ ኮረብታ፣ ትንንሽ ከተማ። ወረቀት ስጠብቅ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ በስደተኞች መኖሪያ ቆየሁ። ከዚያ ቫይደን የምትባል ከተማ ውስጥ በአንድ መጋዘን ሥራ አገኘሁ።

እዚያ የኖረ ሰው እሁድን ያውቃታል። ሱቅ ይዘጋል። መንገዱ ጭር ይላል። ጎረቤትህ በሰላምታ ያልፍሃል፣ በሩ ግን አይከፈትም። እኛ ቤት በቀን ሃምሳ ሰው «ቤቶች!» እያለ ይገባ ነበር። ማንም የማያንኳኳው በር ምን እንደሚመስል ያወቅኩት ጀርመን አገር ነው።

አንድ ዓርብ ከሥራ ስንወጣ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት የቀሩት ባልደረባዬ «ዛሬ ዞይግል አለ፤ ከባለቤቴ ጋር ነን፣ ነይ» አለኝ። ዞይግል ምን እንደሆነ አላውቅም። እሺ አልኩ። ቪንዲሽኤሸንባህ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ወሰዱኝ፤ ከቫይደን ሩቅ አይደለችም። መኪናው ተራ መኖሪያ ቤት ፊት ቆመ። ምንም የመጠጥ ቤት ምልክት የለውም። ከበሩ በላይ ግን ወደ መንገዱ የወጣ እንጨት አለ፤ ጫፉ ላይ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ተንጠልጥሏል። እኔ የዳዊት ኮከብ መስሎኝ የጸሎት ቤት ነው ብዬ ጠየቅኩ።

ሽማግሌው እንዲህ አለኝ፦ «አይደለም። ኮከቡ ካለ ቢራ አለ። ኮከቡ ከወረደ ቢራው አልቋል።»

እዚያው መንገዱ ላይ ቆምኩ። ሚስቱ «ምን ሆንሽ?» ብላ ክንዴን ያዘችኝ። መናገር አልቻልኩም። የባሕር ዛፉ እንጨት፣ ጣሳው፣ የእናቴ እጅ፣ ሁሉም በአንዴ መጣብኝ።

ገባን። ሳሎን ነው። ረጃጅም ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል። ክፍት ቦታ ካለ ትቀመጣለህ፤ አጠገብህ ማን እንዳለ አትጠይቅም። ቢራውን የምትቀዳው የቤቱ እመቤት ናት። ዳቦ፣ አይብ፣ ቀዝቃዛ ሥጋ በእንጨት ገበታ ይመጣል። ከፊቴ የተቀመጡት ሰዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ እናቴ በሕይወት እንዳለች፣ ስንት ወንድም እንዳለኝ ጠይቀው ጨረሱ። በስንት ዓመቴ የተጠየቅኩት ጥያቄ ነው!

ነገሩን ቀስ እያልኩ ተማርኩት። ዞይግል የሚጠምቁት ቤተሰቦች የጋራ የሆነ አንድ የመጥመቂያ ቤት አላቸው። እዚያ በእንጨት እሳት ብቅሉንና ሆፕሱን ያፈላሉ። ሆፕስ ማለት ለቢራ እንደ ጌሾ ያለ ነው፤ ምሬቱና መዓዛው ከእሱ ነው። ከዚያ ፍሉን እያንዳንዱ ወደ ቤቱ ይወስድና በራሱ ምድር ቤት ያብላላዋል። አይጣራም፣ ጉሽ ነው። የሚፈላው አንድ ቦታ ነው፤ ጣዕሙ ግን ከቤት ቤት ይለያያል። ሰዎቹም «የእነ እገሌ ይሻላል» እያሉ ይከራከራሉ። ተራ አላቸው። በወር ጥቂት ቀን አንዱ ኮከቡን ያወጣል፣ ሲያልቅ ያወርዳል፣ ሌላው ይተካል። ኮከቡ ሁለት ሦስት ማዕዘን ነው ይላሉ። አንዱ እሳት፣ ውኃና አየር ነው። ሌላው ውኃ፣ ብቅልና ሆፕስ። በ2018 እ.ኤ.አ. የዞይግል ባህል በጀርመን የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ይህን ስሰማ ዝም አልኩ። ቅርስ ነው። በኩራት ደጅ ላይ የሚሰቀል ነው። እኔ ተመሳሳዩን ነገር ለመደበቅ በጓሮ መንገድ ስዞር ነው ያደግኩት።

ከዚያ በኋላ ቢራን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ወረት አልነበረም፤ ቤቴን ፍለጋ ነበር። ባቫሪያ ውስጥ ቢራ ወቅት አለው። በጾማቸው ወራት ወፍራምና ጠንካራ ቢራ ይወጣል፤ ከድሮ ገዳማት የመጣ ልማድ ነው፣ መነኮሳቱ ሲጾሙ ጉልበት እንዲሆናቸው የሚጠምቁት። እኛም ጋ ጠላ ጾም አያስገድፍም፤ የዐቢይ ጾም እንግዳ ከሽሮ ጋር የሚስተናገደው በጠላ ነው። ግንቦት አካባቢ ጠንከርና ፈካ ያለ የወሩ ቢራ አላቸው። መኸር ሲገባ የበዓሉ ቢራ ይመጣል።

ከሁሉም የገረመኝ የቀኑ ነገር ነው። በ1553 እ.ኤ.አ. የባቫሪያ መስፍን በሙቀቱ ወራት ቢራ መጥመቅን ከልክሎ ነበር። ሙቀቱ ቢራውን ያበላሸዋል፣ እሳቱም ለቃጠሎ ያሰጋል። ስለዚህ የሚጠመቀው ከቅዱስ ሚካኤል እስከ ቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻ ሆነ። በእነሱ አቆጣጠር ጊዮርጊስ ሚያዝያ 23 ነው። የእኛም በእኛው አቆጣጠር ሚያዝያ 23 ነው! ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ታዲያ ጊዮርጊስ አንድ አይደል እንዴ?» አለችኝ።

ሌላ ጊዜ ባምበርግ ሄድኩ። እዚያ ብቅሉን በእንጨት ጭስ የሚያደርቁበት ቢራ አለ። ጥቁር ነው። አብረውኝ የነበሩት ልጆች አንድ ጊዜ ተጎንጭተው ገፉት፤ «የተጠበሰ ሥጋ ይመስላል» አሉ። እኔ ግን የመጀመሪያውን ጉንጭ ሳልውጥ አቆየሁት። የታጠነ ጋን ነው። የወይራ ጭስ ነው። የእነሱ ጭስ ከሌላ ዛፍ ነው፤ ቢሆንም ጉሮሮዬ አወቀው።

ያን ሌሊት ደወልኩላት።

«እማዬ፣ ጋኑን ለምንድነው በወይራ የምታጥኚው?»

«ምን ነካሽ፣ በዚህ ሌሊት?»

«ንገሪኝ።»

«ካልታጠነ ይኮመጥጣላ። ደግሞ መዓዛውስ ከየት ይመጣል?»

ከሃያ ዓመት በላይ አብሬያት ኖሬ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እጠይቃታለሁ። ብቅሉ ስንት ቀን ይታፈናል? ጌሾው መቼ ይወጣል? እንኩሮው ምን ያህል ይጥቆር? መጀመሪያ ላይ መልሷ አጭር ነበር። በኋላ በኋላ ደውላ የምታስታውሰኝ እሷ ሆነች።

ከሁለት ዓመት በፊት ለመስቀል አገር ቤት ገባሁ። ሰበታ ተለውጣለች። ከጀሞ ወደ ዓለም ገና ስትወጣ ድሮ ማሳ የነበረው ሁሉ አሁን ፋብሪካና ፎቅ ነው። አካባቢው ሸገር ከተማ በሚባለው ውስጥ ገብቷል። ወጨጫ ተራራ ግን እዚያው ነው፤ የክረምቱ ጉም ገና አልለቀቀውም። የሜታ ቢራ ፋብሪካም አለ። ልጅ ሆኜ የፋብሪካው ሠራተኞች ማታ ማታ እኛ ቤት ይመጡ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቢራ ሲጠምቁ ውለው ጠላ ሊጠጡ። ያኔ ግራ ይገባኝ ነበር። አሁን ይገባኛል፤ ቤት ፈልገው ነው የሚመጡት።

እናቴ ጉልበቷ ደክሟል። ጠላ መሸጥ ካቆመች አራት ዓመት ሆኗታል። እንጨቱም የለም፤ አጥሩ ሲታደስ ተነስቷል። ደጃችን ፊት ለፊት ድራፍት ቤት ተከፍቷል። ወጣቱ ጃምቦውን ይዞ ኳስ ያያል። ቦሌም ሄጄ ነበር፤ የራሱን ቢራ እዚያው እየጠመቀ የሚሸጥ ቤት አለ፣ ቢራው ጥሩ ነው፣ ጀርመን ጀርመን ይላል። ደስ ብሎኝ ጠጣሁ። ግን ልቤ ያለው እናቴ ጓሮ ነበር።

«እንጥመቅ» አልኳት።

«ለስንት ሰው?»

«ለመጣው።»

ትንሽ ካየችኝ በኋላ ወደ ጓዳ ገባች። ከመደርደሪያ ላይ የታሰረ ከረጢት አወረደች። ብቅል ነው። ግንቦት ላይ ያበቀለችው፤ ገብሱን ነክራ፣ በኮባ ቅጠል አፍና፣ በፀሐይ ያደረቀችው። «ክረምት የደረቀ ብቅል ሻጋታ ሻጋታ ይላል» አለችኝ። «ዝናቡ ሳይገባ ማሰናዳት ነው።» መሸጥ አቁማለች፤ ብቅሏን ግን በየዓመቱ ሳታዘጋጅ ቀርታ አታውቅም። የባቫሪያ መስፍን ያወጣው ሕግ ትዝ አለኝ። የእናቴን ሕግ ማንም አልጻፈውም።

እኔ ጌሾውን ወቀጥኩ። ሽታው እጄ ላይ ቀረ፤ በማግስቱም አልታጠብኩትም። ጋኑን በግራዋ አሸት አሸት አድርገን አጠብነው። ፍም ላይ ወይራ ጣል አድርጋ ጋኑን ደፋችበት። ጭሱ ውስጡ ሲጠራቀም እጇን አፉ ላይ አድርጋ ሙቀቱን ትለካለች። ሰዓት አትጠቀምም። «አሁን» ስትል አነሳሁት። ጌሾው በውኃ ተጠነሰሰ። ከሦስት ቀን በኋላ የብቅሉ ዱቄትና ቂጣው ገባ። ከዚያ እንኩሮው። ምጣዱ ላይ ስታምሰው ቀለሙን እያየች ታወራኛለች፤ ጥቁር ጠላ ከፈለግሽ ትንሽ ቆይ፣ ፈካ ያለ ከፈለግሽ አሁን አውጪ። ጀርመን ውስጥ በነጭ ጋውን፣ በቴርሞሜትር ሲሠራ ያየሁት ሥራ ነው። እሷ በዓይኗና በአፍንጫዋ ትሠራዋለች።

አንድ ነገር ነገርኳት። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ሂልደጋርድ የምትባል ጀርመናዊት መነኩሴ ሆፕስ መጠጥን ከመበላሸት እንደሚጠብቅ ጽፋለች አልኳት። «ሴት ናት?» አለች። አዎ አልኳት። «እኮ፣ ሴት ናት የምታውቀው» ብላ ማማሰሏን ቀጠለች።

ያኔ ነው ያልኩት። አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ የተናገርኩትን አነሳሁባት። «ይቅር በይኝ» አልኳት። ማማሰያውን አላስቀመጠችም። «በዚህ ጠላ ነው ደብተር የገዛሁልሽ» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ «ነይ ቅመሺ፣ ምሬቱ ደርሷል?» አለችኝ። ደርሷል።

የደመራ ዕለት ጠዋት ጠላው ደረሰ። ጉሹ በላዩ ሰፍሯል፣ ወርቃማ ቡኒ ነው። ለጎረቤት ሁሉ በእንስራ ላክን። ሁለት ሽማግሌዎች፣ የድሮ ደንበኞቿ፣ ሽታውን ተከትለው መጡ። አንደኛው አባባ የፋብሪካው ጡረተኛ ናቸው፤ የመጀመሪያውን ጣሳ ይዘው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «እትዬ፣ እጅሽ አልተለወጠም» አሏት። ጠላውን ፋርሶ እያሉ በኦሮምኛ ሲያወሩ፣ ሲመርቁ ቆዩ።

ከሰዓት በኋላ ከአጥሩ ሥር ረዘም ያለ እንጨት አገኘሁ። ጓዳ ውስጥ ባዶ የቲማቲም ጣሳ ነበር። እናቴ ምን እንደምሠራ ስታይ «ተይው፣ እኔ እንደሆነ መሸጥ ትቻለሁ» አለችኝ። አልመለስኩላትም። ጣሳውን ደፋሁበት፣ እንጨቱን ደጁ ላይ አቆምኩት፣ በድንጋይ አጠበቅኩት። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ አየሁት። ልጅ ሆኜ ሌላው እንዳያየኝ ዘወር የምልበት ቦታ ነበር።

ብዙም አልቆየ። ችቦ የያዙ ሰዎች ወደ ደመራው እያለፉ ነው። አንድ ሰው ቀና ብሎ ጣሳውን አየና ቆመ።

«ቤቶች! ጠላ አለ?»

እኔ አፌን ሳልከፍት እናቴ ከጓዳ መለሰች።

«አለ! ግቡ!»