«ገብቷል እኮ ልጄ»

ሽያጭ ላይ ያለው ባልደረባችን አንድ ጠባይ አለው። ደንበኛ ምንም ቢጠይቀው «አላውቅም» አይልም።

አንድ ጠና ያሉ ሰው ፕሌይስቴሽን 4 የሚባለውን የጌም ማጫወቻ እና ላፕቶፕ ይዘው መጡ። ልጃቸው ማታ ማታ ቲቪውን ይዞባቸው ዜና ማየት አልቻሉም፤ የጌሙን ምስል ወደ ላፕቶፑ ስክሪን ማዛወር ፈልገዋል። መጀመሪያ ተራ ኤችዲኤምአይ፣ ማለትም ምስልና ድምፅ የሚያስተላልፍ ገመድ ተሸጠላቸው፣ እንቢ አለ። ቀጥሎ ጫፉ ወርቅ የተቀባው ተሸጠላቸው፣ እሱም እንቢ አለ። ይሄኔ ነው «ቴክኒሻኑ ይየው» ተብሎ እኔ የተጠራሁት። ገመድ ሲሸጥማ ማን ይጠራኛል!

«ጋሼ፣ የላፕቶፑ ኤችዲኤምአይ ምስል ይልካል እንጂ አይቀበልም» አልኳቸው።

«ገብቷል እኮ ልጄ።»

«መግባቱማ ይገባል። ግን ፕሌይስቴሽኑም ላኪ ነው፣ ላፕቶፑም ላኪ ነው። ሁለቱም እያወሩ የሚሰማ የለም።»

ዝም ብለው ገመዱን ነቀሉና መልሰው ሰኩት። «ይኸው። እንዲያውም ጥብቅ ብሎ ነው የገባው።»

መልስ አጣሁ። ሰውየው ምን አጠፉ? ቀዳዳው አንድ ዓይነት ነው፣ የገመዱ ሁለት ጫፍም አንድ ዓይነት ነው፣ ላፕቶፑ ላይም ሞኒተሩ ላይም የተጻፈው ያው ኤችዲኤምአይ ነው፤ ሞኒተሩ ላይ ያለው እንደሚቀበል፣ ላፕቶፑ ላይ ያለው ግን እንደሚልክ ከየት ይወቁት? ማወቅ የነበረበት ሻጩ ነው። እሱ ደግሞ ያን ሰዓት መደርደሪያ እየወለወለ ነበር። ጠዋት የተወለወለውን መደርደሪያ።

ያላቸውን አማራጭ ነገርኳቸው። ሞኒተር ከተገኘ በዚያው ገመድ ይሠራል፣ ጣጣ የለውም። ሪሞት ፕሌይ የሚባል አፕም አለ፤ ጌሙን ያለ ገመድ በኔትወርክ ላፕቶፑ ላይ ያመጣል፣ ኔትወርኩ ከደከመ ግን ምስሉ ይቆራረጣል። ካልሆነ ካፕቸር ካርድ፤ ምስሉን ከፕሌይስቴሽኑ ተቀብሎ በዩኤስቢ ወደ ላፕቶፑ ያስገባል። ርካሹ ትንሽ ይዘገያል፣ ልጁ ማጉረምረሙ አይቀርም። እሳቸው ካርዱን መረጡ።

ሰካነው። ጥቁር ስክሪን።

ባልደረባዬ ከየት መጣ ሳይባል አጠገባችን ቆሞ «ካርዱ ነው፣ የተሻለ አለን» አለ። ዝም ብዬ ፕሌይስቴሽኑን ቲቪ ላይ ሰካሁና ሴቲንግ ከፈትኩ፣ ሲስተም ውስጥ ገብቼ ኤችዲሲፒን አጠፋሁ። ምስል እንዳይቀዳ የሚከለክለው እሱ ነው፤ ሲጠፋ አንዳንድ የፊልም አፖች አይከፈቱም፣ ጌሙ ግን ምንም አይሆንም። ወደ ካርዱ ስመልሰው ላፕቶፑ ላይ ምስሉ መጣ።

ሰውየው ፈገግ አሉ። «ወርቁ ገመድ ነው አይደል?»

«ነግሬዎት ነበር እኮ ጋሼ» አለ ባልደረባዬ።

በማግስቱ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ፤ ገመድ ከመሸጣችን በፊት ምስሉ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ደንበኛውን እንጠይቅ አልኩ። ተስማማ፣ ቃሉንም አላጠፈም፣ ሁልጊዜ ይጠይቃል። ከጠየቀ በኋላ ወርቁን ይሸጣል።