አንድ ታሪክ፣ አራት ሚዲያ፦ የድሬዳዋን የባቡር ታሪክ ከተማሪዎች ጋር ያቀድንበት መንገድ

የተማሪ ቡድን «በብዙ ሚዲያ እንሠራለን» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚመጣው አንድ ጽሑፍ፣ የዚያው ጽሑፍ ንባብ በድምፅ፣ ከዚያም ያው ንባብ ፎቶ የተለጠፈበት ቪዲዮ ነው። ይህ አንድን ነገር ሦስት ጊዜ መናገር ነው። አሜሪካዊው የሚዲያ ተመራማሪ ሄንሪ ጄንኪንስ በ2003 እ.ኤ.አ. እንዳስቀመጠው፣ እያንዳንዱ ሚዲያ የሚችለውን ይዞ ለታሪኩ የራሱን ድርሻ ማዋጣት አለበት። የድሬዳዋን የባቡር ታሪክ ከተማሪዎቼ ጋር ስናቅድ ይህን ሐሳብ ወደ አንድ ትልቅ ወረቀት አወረድነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ሁሉ ከወረቀቱ ተቀዳ።

ወረቀቱ አራት ዓምድ አለው፦ የታሪኩ ጥያቄ፣ ጥያቄውን የሚመልሰው ሚዲያ፣ እዚህ የማይነገረው፣ ተመልካቹ ቀጥሎ የሚሄድበት። ዋናው ሦስተኛው ዓምድ ነው። ተማሪ የሚያውቀውን ሁሉ አንድ ቦታ መናገር ይወዳል፤ «እዚህ ይህን አንናገርም» ብሎ መጻፍ ሲጀምር ነው ሚዲያዎቹ የሚለያዩት።

ለምሳሌ «ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ለምን ሐረር አልገባም?» የሚለውን ለካርታ ሰጠነው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ድሬዳዋ ደግሞ ከአቀበቱ ሥር 1,200 ሜትር አካባቢ። የከፍታውን ልዩነት የሚያሳይ አንድ መስመር ሦስት ገጽ ማብራሪያ ያስቀራል። «በጥገና ጋራዡ ውስጥ ሥራው ምን ይመስል ነበር?» የድምፅ ነው፤ ሰው በአፉ ሲናገረው ይሻላል። ሁለቱ የድሬዳዋ ሰፈሮች፣ ከዚራና መጋላ፣ ለምን እንደማይመሳሰሉ ደግሞ ፎቶ ይመልሳል፦ የባቡር ኩባንያው የቀየሰው፣ ዛፍ የተሰለፈበት ቀጥ ያለ ጎዳና ከአንድ ወገን፣ የመጋላ ጠባብ መተላለፊያ ከሌላው፣ ሁለቱም ከተመሳሳይ ቁመትና ርቀት የተነሱ። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለውን የደቻቱን ወንዝ ለቪዲዮ አስቀረነው። ደረቁን አሸዋ ከዳር እስከ ዳር በእግር መሻገር 90 ሰከንድ ይበቃዋል፤ የሐምሌ 1998 ዓ.ም. ጎርፍ ያመጣው ጉዳት ግን በተዋናይ መልሶ አይሠራም፣ የሞተባቸው ቤተሰቦች እዚያው ሰፈር አሉና።

ከወረቀቱ ቀጥሎ የሚያስፈልገው አንድ የጋራ መዝገብ ነው። ዓመተ ምሕረት፣ የስም አጻጻፍ፣ ልኬት፣ ሁሉም እዚያ ብቻ ይስተካከላል። እዚህ ላይ ትልቁ አደጋ የዘመን አቆጣጠር ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያኑ 1902። አንዱ ተማሪ ከአማርኛ መጽሐፍ፣ ሌላው ከፈረንሳይኛ ሰነድ ሲቀዳ ካርታው ላይ 1902፣ ድምፁ ላይ 1895 ይወጣል፤ አድማጩም ሁለት የተለያየ ክስተት ይመስለዋል። ልዩነቱ ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ፈረንጆች ታኅሣሥ መጨረሻ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ስለሆነ በደፈናው 8 መቀነስም ያሳስታል። መዝገቡ ውስጥ ሁለት ዓምድ አድርጉ፣ በሥራው ላይ ግን አንዱን ብቻ ተጠቀሙ። እኛ በዓ.ም. ጸናን፦ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መስመሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886፣ መስመሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909፣ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በኢትዮጵያ በኩል የተመረቀው መስከረም 25 ቀን 2009። የሐዲዱ ስፋትም መዝገቡ ውስጥ ይግባ፤ የድሮው 1,000 ሚሊ ሜትር፣ የአዲሱ 1,435። የአሮጌው ባቡር በአዲሱ ሐዲድ ላይ ለምን እንደማይሄድ የሚጠይቅ ልጅ አይጠፋም።

ድምፅ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ድሬዳዋ ለቀረጻ ቀላል ከተማ አይደለችም። ቬንትሌተር ካልጠፋ ቃሉን ሁሉ ያጉረመርምበታል፤ ቬንትሌተር ከጠፋ ደግሞ ሽማግሌው በሙቀቱ ቶሎ ይደክማሉ። ስለዚህ ቀጠሮው ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ይሁን። ፀሐይ ስትበረታ የጣሪያው ቆርቆሮ ሲለጠጥ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ይህን ደግሞ በኤዲቲንግ ማውጣት ከባድ ነው። ስልኩ ከተናጋሪው አፍ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ ትንፋሹ በቀጥታ እንዳይመታው ጥቂት ወደ ጎን ይቀመጥ። ከቃለ ምልልሱ በኋላ ማንም ሳይናገር የክፍሉን ድምፅ 30 ሰከንድ ቅዱ፤ ቆርጣችሁ በምትቀጥሉበት ቦታ የሚሞላው እሱ ነው። ይህ ከሌለ መገጣጠሚያው ሁሉ ጉድጓድ ሆኖ ይሰማል።

ጥያቄውም ዕቅድ ይፈልጋል። «ስለ ባቡሩ ይንገሩን» ከተባለ የሚመጣው ሁሉም የሚያውቀው ነው። «ጋሼ፣ ጠዋት እንደገቡ መጀመሪያ እጅዎ የሚያነሳው ዕቃ ምን ነበር?» ሲባል ግን መፍቻው፣ ግራሱ፣ የአለቃው ፉጨት ይመጣል። የድሬ ሰው ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛና ሶማልኛ ሲሻገር አታቋርጡት። የራሱን ድምፅ ሁለት ሰከንድ ያህል ንጹሕ ተዉት፣ ከዚያ ዝቅ አድርጋችሁ ትርጉሙን ከላይ አስገቡ፤ መጨረሻ ላይ እንደገና የራሱ ድምፅ ይመለስ። አንድ ክፍል 7 ደቂቃ፣ ሞኖ፣ 64 ኪሎቢት ኤምፒስሪ ሆኖ ሲወጣ 3.5 ሜጋባይት አይሞላም፤ በካርድ ኢንተርኔት ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አብዛኛው ፕሮጀክት የሚወድቀው ግን ከአንዱ ሚዲያ ወደ ሌላው በሚሻገርበት ቦታ ነው። የእኛ መሸጋገሪያ በመንገዱ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ነበር፤ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ተነስቶ በከዚራ፣ ደቻቱን ተሻግሮ እስከ ቀፊራ ገበያ። ኪውአር ኮዱ ሰው ከሚቆምበት ርቀት ቢያንስ አንድ አሥረኛ ስፋት ይኑረው፤ አንድ ሜትር ላይ ለሚቆም ሰው 10 ሴንቲ ሜትር። አጭር ሊንክ ተጠቀሙ፤ ሊንኩ በረዘመ ቁጥር ነጥቦቹ ይደቅቁና የተጫረ ካሜራ ያለው ስልክ አያነባቸውም። በነፃ የሚሰጡ ተለዋዋጭ ኮዶች (ከታተሙ በኋላም የሚወስዱበት ሊንክ የሚቀየር) የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ሊዘጉ ስለሚችሉ ቋሚውን ዓይነት ምረጡ። የሚያብረቀርቅ ላሚኔት ፀሐይ ስለሚመልስ የማያብረቀርቀውን (ማት የሚባለውን) ጠይቁ፤ በዓይን ቁመት፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ፣ ባለ ሱቁን አስፈቅዳችሁ ለጥፉ። ኮዱ አጠገብ «ስካን ያድርጉ» ብቻ የሚል ጽሑፍ ማንንም አያቆምም። «ይህ ጎዳና ለምን ቀጥ አለ?» የሚለው ያቆማል። ኢንተርኔት ለሌለው ሰው ደግሞ ወረቀቱ ራሱ በሦስት ዓረፍተ ነገር አንድ የተሟላ ነገር ይንገረው።

የፊደል ጉዳይ በአጭሩ፦ በቆየ የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፊደል የተጻፈ ጽሑፍ ስልክ ላይ ሲከፈት የላቲን ምልክት ይሆናል። ሁሉም ተማሪ ከመጀመሪያው በዩኒኮድ፣ ስልክና ኮምፒውተር በጋራ በሚያነቡት የፊደል ሥርዓት፣ ይጻፍ፤ ለማተሚያ ቤት ደግሞ ፊደሉ የተካተተበት ፒዲኤፍ እንጂ ወርድ አይላክ።

ለስምንት ሳምንት ሥራ የተከተልነው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። የድጋፍ ደብዳቤው በመጀመሪያው ሳምንት ይወጣል፤ የድሮውን የባቡር ግቢ ለመግባት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የመልሱን ቀን ደግሞ እናንተ አትወስኑትም። እስኪመጣ ካርታውን ሥሩ፤ ካርታ ሲሠራ መዝገቡ አብሮ ይጠራል። ድምፅ ሦስተኛውንና አራተኛውን ሳምንት፣ ፎቶ አምስተኛውን ይይዛል፤ ቪዲዮ ከሁሉም በኋላ ነው። ቪዲዮ ቀድሞ ከተጀመረ የቡድኑን ሰዓት ሁሉ ይበላል፣ ሌሎቹ ሦስቱም የእሱ ተረፈ ምርት ይሆናሉ። ጊዜ ካጠረ ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ አትቁረጡ፤ አንዱን ሚዲያ በሙሉ ጣሉና ጥያቄውን በዕቅድ ወረቀቱ ላይ ለሌላ ሚዲያ ስጡ።

ሰባተኛው ሳምንት የሙከራ ነው። ሌላውን ምንም ላላየ ሰው አንዱን ሚዲያ ብቻ ስጡት። መጀመሪያ «ምን ተረዳህ?» በሉት፣ ቀጥሎ «አሁን ምን ማወቅ ትፈልጋለህ?» የሁለተኛው መልስ አራተኛው ዓምድ ላይ ከተጻፈው ጋር ከገጠመ መሸጋገሪያው ይሠራል። ካልገጠመ የሚስተካከለው የሚዲያው መጨረሻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ዓምድ ተጥሶ መልሱ እዚያው ተነግሯል ማለት ነው።

የመጨረሻው ሳምንት ለስምና ለቅጂ ይዋል። የፋይሉ ስም ቀን፣ ቦታና ቋንቋ ይያዝ። ጥሬው ቀረጻ በሁለት የተለያየ ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ከተማሪ ስልክ ውጭ መሆን አለበት። ለተናገሩት ሽማግሌዎች ሊንክ አትላኩላቸው። ሙሉውን ቃላቸውን፣ ያልተቆረጠውን፣ በፍላሽ ገልብጣችሁ፣ ቤታቸው ባለው ቴፕ ወይም ቴሌቪዥን ላይ ሰክታችሁ መጫወቱን አይታችሁ አስረክቡ።