በአንዲት ፍሬም ውስጥ የተሸሸገው ሰው

ፊልሞች ውስጥ የተደበቁ ነገሮችን ማደን ከጀመርኩ ወዲህ እንደ ሰሞኑ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዴቪድ ፊንቸር «ፋይት ክለብ» ውስጥ ታይለር ደርደን የተባለው ገጸ ባሕርይ በወጉ ከመምጣቱ በፊት ብልጭ ብሎ የሚጠፋባቸውን አራት ቦታዎች፣ ሰዓትና ደቂቃውን ማንም ሳይነግረኝ፣ በራሴ ዓይን ለይቼ አየኋቸው። ይህን የምጽፈው በዚሁ ነገር ለተጠመዳችሁ ነው። እኔን ለረጅም ጊዜ የያዘኝ ችግር እናንተንም መያዙ አይቀርም፤ መውጫውን ደግሞ አንድ ቦታ ተሰብስቦ አላገኘሁትም። ፊልሙን ያላያችሁ ግን ቀድማችሁ እዩት፤ ከዚህ በታች የታሪኩን ምስጢር እነካለሁ።

የጀመርኩት ብዙ ሰው ከሚጀምርበት ከፒክሳር አኒሜሽኖች ነው። ኤ113 የሚለውን ጽሑፍ ሳታውቁት አትቀሩም። በካሊፎርኒያ የሥነ ጥበብ ተቋም የአኒሜሽን ተማሪዎች ይማሩበት የነበረ ክፍል ቁጥር ነው፤ የፒክሳር ፊልሞችን ያዘጋጁት እነ ጆን ላሴተርና ብራድ በርድ የዚያ ተቋም ልጆች ናቸው። በ1995 በወጣው «ቶይ ስቶሪ» የአንዲ እናት መኪና ታርጋ ላይ ይገኛል። በ«ፋይንዲንግ ኒሞ» የጠላቂው ካሜራ ላይ፣ በ«አፕ» የፍርድ ቤቱ ክፍል ቁጥር ሆኖ፣ በ«ዎል-ኢ» ደግሞ መርከቧን ለሚመራው ማሽን የተሰጠ ምስጢራዊ ትእዛዝ መጠሪያ ሆኖ ይመጣል። «ብሬቭ» ታርጋም ካሜራም ባልነበረበት ዘመን የሚካሄድ ታሪክ ስለሆነ በጠንቋይዋ ጎጆ በር ላይ በሮማውያን ቁጥር ተቀርጿል። እኔን ከሁሉም የማረከኝ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ሠሪዎቹ የታሪኩን ዘመን ሳያፈርሱ የራሳቸውን ማኅተም አስገብተውበታል።

ከዚህ የተማርኩት ጽሑፍ በተፈጥሮው የሚቀመጥበትን ቦታ ማየት ነው፤ ታርጋ፣ የበር ቁጥር፣ ጋዜጣ፣ የሱቅ ማስታወቂያ። ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ በራሱ ፊልሞች ውስጥ ለአፍታ ብቅ ማለት ልማዱ ነበር። በ1944ቱ «ላይፍቦት» ግን ታሪኩ በሙሉ ባሕር ላይ በአንዲት ጀልባ ውስጥ ስለሚካሄድ በመንገድ አላፊ ሆኖ ሊታይ አይችልም። ስለዚህ አንደኛው ገጸ ባሕርይ በያዘው ጋዜጣ ላይ፣ በክብደት መቀነሻ ማስታወቂያ ውስጥ፣ ከመቅጠኑ በፊትና ከቀጠነ በኋላ ያለ ሰው ሆኖ ፎቶው ወጥቷል።

በዚሁ መንገድ ያገኘሁትና እስካሁን የማልጠግበው «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» ላይ ያለው የገበያ ማዕከል ስም ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ማርቲ ወደ ኋላ ዘመን ከመጓዙ በፊት መግቢያው ላይ ያለው ሰሌዳ «ሁለቱ ጥዶች» ይላል። በ1955 እንደ ደረሰ መኪናውን እያስጋለበ ሲሸሽ በአንድ ገበሬ መሬት ላይ ከቆሙ ሁለት የጥድ ችግኞች አንዱን ደፍጥጦት ያልፋል። ወደ 1985 ተመልሶ እየሮጠ ሲደርስ ያው ሰሌዳ «ብቸኛው ጥድ» ይላል። ማንም ጣቱን አይቀስርበትም፤ ካሜራውም አይዘገይበትም። ያለፈውን መንካት የዛሬውን እንደሚለውጥ በአንድ ሰሌዳ ነግሮን ይሄዳል።

እስከዚህ ድረስ መንገዱ ሜዳ ነበር። «ፋይት ክለብ» ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ።

የሲኒማ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ቋሚ ምስል፣ ያሳያል። ታይለር በእነዚያ አራት ቦታዎች የሚቆየው ለአንዲት ፍሬም ያህል ነው፤ ማለትም ለሰከንድ ሃያ አራተኛ፣ 42 ሚሊ ሰከንድ ገደማ። ዓይንን አፍጥጦ በመጠበቅ የሚገኘው «እዚህ ጋ አንድ ነገር ሆነ» የሚል ስሜት ብቻ ነው። እጅ ደግሞ ከዓይን ይዘገያል። ሰው ያየውን ነገር ተረድቶ ቁልፍ እስኪጫን የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይፈጅበታል፤ እስከዚያ አምስት ፍሬም ገደማ አልፏል። ስለዚህ ማቆሚያውን መጫን ብቻውን የትም አያደርስም።

በኢንተርኔት ከሚታይ ቅጂ ላይ ወደ ኋላ መዝለልም አላዋጣኝም። ዝላዩ ብዙውን ጊዜ በአሥር አሥር ሰከንድ ነው። ቪዲዮው ራሱም ሲታመቅ ሙሉ ሆነው የሚቀመጡት ጥቂት ምስሎች ብቻ ናቸው፤ በመካከላቸው ያሉት የሚቀመጡት ከሌሎቹ ምስሎች የተለዩበት ነገር ብቻ ተመዝግቦ ነው። ብዙ ማጫወቻዎች ስንዘል የሚያርፉት ሙሉዎቹ ላይ ስለሆነ የምንፈልጋት ፍሬም ሁልጊዜ ከመካከል ትቀራለች።

ከዚያ ቪኤልሲ የተባለውን ማጫወቻ ይዤ ተቀመጥኩ። በኮምፒውተር ላይ ፊልሙን አቁማችሁ የእንግሊዝኛውን ኢ (E) ፊደል ቁልፍ ስትጫኑ አንድ ፍሬም ብቻ ወደ ፊት ይራመዳል። ለዚህ ሥራ ከዚህ ቁልፍ የሚበልጥ መሣሪያ አላውቅም። ብልጭታው ከተሰማኝ ቦታ ጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ እመለሳለሁ፣ አቆማለሁ፣ ከዚያ ቁልፉን እየነካሁ እራመዳለሁ። ተራኪው፣ ማለትም ታሪኩን የሚነግረን ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ በቢሮው ፎቶ ኮፒ ማሽን አጠገብ የቆመበት ትዕይንት ላይ በዚህ መንገድ ስደርስ በመጨረሻ አንድ ነገር ታየኝ። ያየሁት ግን ሰው ለማለት የሚያስቸግር ነበር። ቅርጹ በአግድም መስመሮች እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሸንሽኖ፣ ከኋላው ያለው ቢሮ በመስመሮቹ መካከል ይታያል። ጥቂት ስራመድ ደግሞ የለም። ፊት የለው፣ ዓይን የለው። ይህ ነው ለረጅም ጊዜ ያስጨነቀኝ።

ጥፋቱ የፊልሙም የማጫወቻውም አልነበረም፤ የቅጂው ነበር። የድሮው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሥርዓት በሰከንድ 60 ገደማ ግማሽ ምስሎችን ያሳይ ነበር፤ አንዱ ግማሽ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች (1፣ 3፣ 5…)፣ ሌላው ሙሉ ቁጥር ያላቸውን (2፣ 4፣ 6…) ይይዝ ነበር። የፊልሙን 24 ፍሬም ለዚህ ለማብቃት አንዱን ፍሬም ለሁለት ግማሽ፣ ቀጣዩን ለሦስት ግማሽ እያፈራረቁ ያከፋፍሉታል። በዚህ ስሌት አራት የፊልም ፍሬሞች አምስት የቪዲዮ ፍሬሞች ይሆናሉ፤ ከአምስቱም ሁለቱ ከሁለት የተለያዩ ፍሬሞች የተዳቀሉ ናቸው። ታሪኩ በሚሄድበት ፍጥነት ይህን ማንም አያስተውለውም። አንዲት ፍሬም ለሚያድን ሰው ግን አደጋ ነው፤ ታይለር ከተዳቀሉት በአንዱ ላይ ከወደቀ ግማሹ እሱ፣ ግማሹ ባዶው ቢሮ ይሆናል። በቪኤልሲ የእንግሊዝኛው ዲ (D) ፊደል ቁልፍ መስመሮቹን የሚያስተካክለውን ሥራ ያስነሳል፤ ሁለቱን ግማሾች የሚያዋህድ ዘዴ ከተመረጠ ግን ማበጠሪያው ቢጠፋም በቦታው ብርሃን የሚያሳልፍ ጥላ ይተካል። ጥላ ማየት ደግሞ ታይለርን ማየት አይደለም።

ሌላ በጣም የታመቀ ቅጂም ሞክሬ ነበር። እዚያ መስመር የለም፤ ነገር ግን ከፊቷም ከኋላዋም የማትመስል አንዲት ፍሬም ለማመቅ ብዙ መረጃ ትጠይቃለች። ፋይሉ ትንሽ እንዲሆን ሲፈለግ የምትጨፈለቀው እሷ ናት። የቀረው የቀለም ጭፍልቅ ነበር።

መፍትሔው በመጨረሻ ቀላል ሆነ፤ በሰከንድ 24 ፍሬሙን ሳይነካካ የያዘ የብሉ ሬይ ዲስክ። ያንኑ ቁልፍ፣ ያንኑ ትዕይንት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ስራመድ ታይለርን ሆኖ የሚጫወተው ብራድ ፒት በሙሉ አካሉ ከፊቴ ቆመ። ቀጣዩን ስጫን ጠፋ። ከዚያ ሌሎቹን ተራ በተራ አገኘኋቸው፤ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ ተራኪውን ሲያነጋግረው፣ ሕመምተኞች በሚሰበሰቡበት አዳራሽ ከስብሰባው መሪ ጎን፣ በመጨረሻም ማርላ የተባለችው ገጸ ባሕርይ በሌሊት መንገዱን ይዛ ስትሄድ።

ቴሌቪዥን ላይ የምታዩ ከሆነ እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን ቅንብር አጥፉት። ይህ ቅንብር በሁለት ፍሬሞች መካከል ያልነበረ ምስል ከራሱ ፈጥሮ ያስገባል። ፊልም ሠሪው ያላስቀመጠውን ምስል እየጨመረ ያስቀመጠውን የሚያደበዝዝ ነገር እንዴት እንደ ጥቅም እንደሚቆጠር አይገባኝም።

ታይለርን ካገኘሁት በኋላ ይበልጥ የገረመኝ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ መረዳቴ ነው። ታይለር በኋላ ላይ በሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች ሆኖ ይሠራል፤ ለቤተሰብ በተዘጋጁ ፊልሞች መካከልም አንዲት የብልግና ፍሬም እየቀጠለ ያስገባል። ተመልካቹ አንድ ነገር እንዳየ ይሰማዋል፣ ምን እንዳየ ግን አያውቅም። ፊንቸር ይህንኑ በእኛ ላይ ነው ያደረገው። ታይለር ሥራውን ሲያስረዳን ሥራው በእኛ ላይ ከተፈጸመ ቆይቷል። ከዚህም በላይ ታይለር የተራኪው አእምሮ የፈጠረው ሰው ነው፤ ብልጭታዎቹ የሚታዩት ተራኪው እንቅልፍ አጥቶ ሲዋልል፣ ገና ሳይፈጥረው ነው። ከዚያ በኋላ ረዘም እያለ ይመጣል፤ በሆቴሉ የእንኳን ደህና መጣችሁ ቪዲዮ ላይ ከአስተናጋጆቹ አንዱ ሆኖ፣ በአውሮፕላን ማረፊያውም ተራኪውን በሚያሳልፈው ተንቀሳቃሽ ወለል ላይ። ድብቅ ነገር ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ ቢወጣ ታሪኩ የሚጎድልበት።

ለዚህም ነው «ያላስተዋላችኋቸው ሃምሳ ነገሮች» የሚሉ ዝርዝሮችን አጥብቄ የምቃወመው። ዝርዝሩ መልሱን ሰጥቶ ፍለጋውን ይወስዳል። ከዚያም በላይ ሆን ተብሎ የተደረገውንና ያልተደረገውን አይለይም። «ዘ ጎድፋዘር» ውስጥ ብርቱካን ሲታይ ሞት ይከተላል ይባላል። እውነት ነው፣ የማፊያው አለቃ ቪቶ ኮርሊዮኔ በጥይት ሲመታ ብርቱካን እየገዛ ነበር፤ ሲሞትም የብርቱካን ልጣጭ አፉ ውስጥ አድርጎ የልጅ ልጁን እያጫወተ ነበር። የፊልሙን ገጽታ ያዘጋጀው ዲን ታቩላሪስ ግን ብርቱካኑ የገባው ጨለማ የበዛበትን ምስል በቀለም ለማድመቅ እንደነበር ተናግሯል። በተቃራኒው በ2006 በወጣው የማርቲን ስኮርሴዚ «ዘ ዲፓርትድ» ውስጥ ከሚሞቱ ሰዎች አጠገብ የሚታየው የኤክስ ቅርጽ ታስቦበት የተሠራ ነው፤ በ1932 የወጣው የሃዋርድ ሆክስ «ስካርፌስ» የተጠቀመበትን ምልክት ለማክበር። ሁለቱን በአንድ ዝርዝር ውስጥ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ሁለቱንም ያዋርዳል። በእኔ እምነት ቀለምና ዕቃ ሲደጋገም መጀመሪያ የብርሃንና የቀለም ምክንያት መፈለግ አለበት፤ ምሳሌያዊ ትርጉም የሚመጣው ያ ሲያልቅ ነው።

ለምትጀምሩ የምመክረው ፊልሙን መጀመሪያ ሳታቆሙ ከዳር እስከ ዳር እንድታዩት ነው። በሁለተኛው ጊዜ ደብተር ያዙ፤ የተጠራጠራችሁበትን ሰዓት፣ ደቂቃና ሰከንድ ብቻ ጻፉ፣ ትርጉም አትጻፉ። ማቆምና ፍሬም መቁጠር የሦስተኛው ጊዜ ሥራ ነው። የቅጂውን ጥራት ግን ከሁሉ በፊት አረጋግጡ። ዲዝኒ በ1999 «ዘ ሬስኪውርስ» ከተባለው የ1977 አኒሜሽኑ 3.4 ሚሊዮን ካሴቶችን ከገበያ የሰበሰበው በሁለት ፍሬሞች ጀርባ፣ በመስኮት ውስጥ፣ የራቁት ሴት ፎቶ በመገኘቱ ነው። ሁለት ፍሬም የሰከንድ አሥራ ሁለተኛ ነው። ማቆሚያ ቁልፍ ቤት ውስጥ ባይገባ ኖሮ ያንን ማን ያየው ነበር?

ድምፅ ላይ ግን ገና ደካማ ነኝ። ዊልሄልም የሚባለው ጩኸት በ1951 «ዲስታንት ድራምስ» ለተባለ ፊልም የተቀዳ ነው፤ የድምፅ ባለሙያው ቤን በርት በ1953 በወጣ ሌላ ፊልም ላይ ያንኑ ጩኸት ካሰማ ገጸ ባሕርይ ስሙን ወስዶ ሰየመው፣ በ1977ቱ «ስታር ዋርስ» ላይም ተጠቀመበት። ከዚያ ወዲህ በብዙ ፊልሞች ይሰማል። አንድ ሰው ብቻውን ከከፍታ ሲወድቅ ወዲያው እለየዋለሁ፤ «ቶይ ስቶሪ» ላይ በዝ የተባለው አሻንጉሊት ከመስኮት ሲወድቅ አልሳትኩትም። በጦርነት ትዕይንት ግን ከተኩሱና ከሙዚቃው ጋር ሲቀላቀል ያመልጠኛል። አሁን የምሞክረው ምስሉን ዘግቼ በጆሮ ማዳመጫ ድምፁን ብቻ መስማት ነው፤ ጥቂት ረድቶኛል። ድምፅን እንደ ፍሬም ቆራርጦ የመስማት የተሻለ መንገድ ያላችሁ ብታካፍሉኝ ወዲያውኑ እሞክረዋለሁ።