የሥራ ልምድ ደብዳቤ የማይናገረው

ውጤቱ ትናንት ማታ በኢሜይል ደረሰኝ። ኢንጂነርስ አውስትራሊያ የተባለው የአውስትራሊያ መሐንዲሶች ማኅበር ትምህርቴንና ሥራዬን መርምሮ በ«ፕሮፌሽናል ኢንጂነር» ደረጃ ሲቪል መሐንዲስ መሆኔን ተቀብሏል። እናቴ እልል አለች። ቪዛው የመጣ መስሏት ነበርና ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። ቪዛ የሚሰጠው የአውስትራሊያ መንግሥት ነው፤ ወረፋው ገና ከፊቴ ነው። ማኅበሩ ያለው «ነኝ ያለችውን ናት» ነው። ያለዚህች ወረቀት ግን የባለሙያ ቪዛ ማመልከቻ አይንቀሳቀስም።

ደስታው እንዳለ ሆኖ፣ ሐሳቤ የሚመላለሰው ወረቀት ስሰበስብ ባየሁት ነገር ላይ ነው። ሳይረሳኝ ልጻፈው።

እኛ ጋ ውጭ መሄድ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ዲቪ ነው። ዲቪ ዕጣ ነው። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሰው ይሞላል፣ ከወጣለት ወጣለት። በዚህኛው፣ በአውስትራሊያው የባለሙያ ቪዛ መንገድ፣ የሚቆጠረው ነጥብ ነው። ዕድሜ፣ እንግሊዝኛ፣ ትምህርትና የሥራ ልምድ ተደምረው ቢያንስ 65 መሙላት አለባቸው፤ ግብዣ የሚደርሳቸው ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ያላቸው ናቸው። ከ25 እስከ 32 ዓመት ላይ ያለ ሰው ለዕድሜው ብቻ 30 ነጥብ ያገኛል። 33 ሲሞላው ወደ 25 ይወርዳል። 45 ከሞላው በቃ፣ አለቀ። እኔ 33ን እያየሁ ነው የገባሁበት። አንድ ደብዳቤ ፍለጋ ወር ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ያለፈበት ያውቀዋል።

ዋሽንግተን አኮርድ በሚባለው ስምምነት የታቀፉ አገሮች አንዱ የሌላውን የምህንድስና ዲግሪ ይቀበላል። ኢትዮጵያ እዚያ ውስጥ የለችም። ስለዚህ የእኛ አገር ተመራቂ ዲግሪውን በማስገባት ብቻ አይገላገልም፤ ሲዲአር የሚባል ሰነድ ያዘጋጃል። ሦስት የሥራ ታሪኮች ይጽፋል፤ እያንዳንዱ ከ1000 እስከ 2500 ቃላት። አንቀጾቹ 1.1፣ 1.2 እየተባሉ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ከዚያ 16 የብቃት መመዘኛዎች በሰንጠረዥ ይቀመጣሉ፤ ለእያንዳንዳቸው «ይህን ያሳየሁት በዚህኛው አንቀጽ ነው» ተብሎ ይሞላል። የእንግሊዝኛ ፈተናም አለ፤ አይኤልትስ ከሆነ በአራቱም ክፍል ቢያንስ 6 ያስፈልጋል።

ጽሑፉ ይከብደኛል ብዬ ነበር የፈራሁት። የከበደኝ ማስረጃው ነው።

መጀመሪያ የሠራሁበት ተቋራጭ የሰጠኝ ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «ከላይ ስማቸው የተጠቀሰው ከመስከረም 1 ቀን 2008 ዓ.ም. እስከ ጳጉሜ 3 ቀን 2011 ዓ.ም. በሳይት መሐንዲስነት ሲሠሩ ቆይተዋል። ከደመወዛቸውም ተገቢው የሥራ ግብር ሲቀነስ ቆይቷል። ይህን የምስክር ወረቀት ሰጥተናቸዋል።» ከሥሩ ፊርማና ክብ ማኅተም። አራት ዓመት ሙሉ ጭቃ ውስጥ የዋልኩበት ሥራ ይኸው ነው። ምን ሠራሁ? ስንት ፎቅ? በማን ሥር? አንድም ቃል የለም። የሰው ኃይል ክፍል ሄጄ ኃላፊነቶቼ ተዘርዝረው ይጻፉልኝ ብዬ ስጠይቅ፣ «እህቴ፣ ፎርማቱ ይኸው ነው፤ ለሁሉም የምንሰጠው ይህንኑ ነው» ተባልኩ። ልጅቷ ክፋት የለባትም። እሷም የተሰጣት ያው ቅጽ ነው። ግን አዘንኩ።

የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ላይ አሠሪ ለሠራተኛው ያለ ክፍያ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን እንዲገልጽ ተደንግጓል። የሥራው ዓይነት በሁለት ቃል የመደብ መጠሪያ ያልቃል ብሎ የወሰነ ማን ነው? ሳይት መሐንዲስ የተባለ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ሲቆጥር ሊውል ይችላል። ሌላው በዚያው መጠሪያ የሕንጻ መሠረት ያስቀይራል። በደብዳቤው ሁለቱ እኩል ናቸው።

ማኅበሩ የሚፈልገው ደብዳቤ የፈራሚውን ስም፣ የሥራ ድርሻና አድራሻ፣ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ቀን፣ የተሠራውንም ሥራ የሚዘረዝር ነው። በመጨረሻ የጻፈልኝ ከዚያ መሥሪያ ቤት የለቀቀው የቀድሞ ፕሮጀክት ማናጀሬ ነው። የጻፈውን ይዞ ድርጅቱ ድረስ አብሮኝ ሄዶ፣ ሥራ አስኪያጁን አሳምኖ በድርጅቱ አርማ ባለው ወረቀት አስፈረመልኝ። ከሥራ ከተለያየን ዓመታት አልፈዋል። እግዜር ይስጥልኝ።

ቀኑም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበረው። ትርጉም ቤቱ ጳጉሜን ወደ ሴፕቴምበር ለውጦ ዓመቱን 2011 እንዳለ አስቀመጠው። መጀመሪያው ቀን ደግሞ በትክክል ወደ 2015 ተቀይሯል። በወረቀቱ ከሄድን ሥራ የለቀቅኩት ሳልቀጠር ነው። እንዲህ ያለውን ነገር አውስትራሊያ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ማጭበርበር ነው ቢል አይፈረድበትም። መልሼ አስተካከልኩት፤ ሴፕቴምበር 8፣ 2019። የኛን ቀን አስተርጉማችሁ የምትወስዱ ሁሉ፣ እባካችሁ እያንዳንዷን ቀን በጃችሁ አስሉ። ስማችሁም በዲግሪው፣ በደብዳቤውና በፓስፖርቱ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን እዩ።

ለሥራ ልምዱ ምዘና ከአሠሪው ደብዳቤ ሌላ የሦስተኛ ወገን ማስረጃ ይፈለጋል። እዚህ ላይ የደረሰልኝ ጡረታ ነው። በየወሩ ከደመወዛችን የሚቆረጠው 7 በመቶና አሠሪው የሚጨምርበት 11 በመቶ በስማችን ይመዘገባል። ያ መዝገብ በየትኛው ዓመት የት እንደሠራሁ ያሳያል። ደመወዙን በእጅ የሚቀበል፣ ጡረታ የማይገባለት መሐንዲስ ስንት አለ! እሱ በምን ሊያረጋግጥ ነው?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የሥራ ታሪኩ ላይ መመሪያው የሚጠይቀው አመልካቹ ራሱ ያደረገውን ነው፤ ቡድኑ ያደረገው አይቆጠርም። ለመጀመሪያው ታሪክ የመረጥኩት ከሲኤምሲ ጀርባ የሠራነውን ሕንጻ ነው። ሰፈሩ ጥቁር አፈር ነው፤ መረሬ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ የተቀመጠበትን ቤት ይዞ ይነሳል፣ ይዞ ይወርዳል። የአፈር ምርመራው ሪፖርት ጥቁሩ 2 ሜትር ላይ ያልቃል ይል ነበር። ቆፍረን ጨርሰን ፌራዮዎቹ ብረት ሊያስሩ ሲሉ ፎርማናችን በምሥራቅ በኩል ያለው ጉድጓድ ውስጥ ወረደ። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንለው። ከታች አፈር ቆነጠረ፣ ጥቂት ውኃ ጠብ አደረገበት፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል አሸው። አፈሩ ቀጥኖ ተጠቀለለ፤ አልተበጠሰም። «የኔ ልጅ፣ እዚህ ጋ ገና ነው» አለኝ፤ ጥቁሩ አላለቀም ማለቱ ነው።

የብረቱን ሥራ አስቆምኩ። በአራቱም ማዕዘን የሙከራ ጉድጓድ አስቆፈርኩና ናሙና ላብራቶሪ ላክሁ። በምሥራቅ በኩል ጥቁሩ አፈር ከቆፈርነው በታች ከአንድ ሜትር በላይ ይቀጥላል። ግማሹ ፉቲንግ (ዓምዶቹ የሚያርፉበት መሠረት) ጠንካራ መሬት ላይ፣ ግማሹ መረሬ ላይ ቢያርፍ ሕንጻው እኩል አይቀመጥም፤ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ሁለት አማራጭ አሰላሁ። አንዱ ጥቁሩን አውጥቶ በሴሌክት፣ ማለትም በማያብጥ የተመረጠ አፈር፣ መሙላትና በየ20 ሴንቲ ሜትሩ እየጠቀጠቁ መፈተሽ ነው። ሌላው የነዚያን ፉቲንጎች መሠረት ጠንካራው መሬት ድረስ አውርዶ በአርማታ መሙላት ነው። ክረምቱ እየመጣ ስለነበር፣ ዝናብ በጀመረው ጉድጓድ ውስጥ ጥቅጠቃ እንደማያስተማምን ጽፌ ሁለተኛውን አቀረብኩ። የሕንጻው አማካሪ መሐንዲስ ተቀበለው። ሕንጻው እስከ ዛሬ ስንጥቅ የለውም፤ በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር አየዋለሁ።

ይህን ሁሉ ከዓመታት በኋላ ከነቁጥሩ መጻፍ የቻልኩት አጀንዳዬ ስለነበረ ነው። ያኔው ፕሮጀክት ማናጀሬ አዲስ ለገባ መሐንዲስ ሁሉ አጀንዳ ገዝቶ ይሰጥ ነበር። «የሳይቱ መዝገብ የድርጅቱ ነው፤ ይኼ ያንተ ነው» ይል ነበር። የጉድጓዶቹ ጥልቀት፣ የላብራቶሪው ውጤት፣ በእርሳስ የሳልኩት የመሠረት ንድፍ፣ አማካሪው የመጣበት ቀን፣ ሁሉም አለ። የድርጅቱን መዝገብ ብጠይቅ የት እንዳለ የሚያውቅ አልተገኘም።

ስጽፍ ጋሼን ምን ላድርገው ብዬ ብዙ አሰብኩ። ምዘናው የኔን ሥራ እንጂ የሱን አይጠይቅም። ግን እሱ ባይኖር ብረቱ ታስሮ አርማታው ይፈስ ነበር። ስለዚህ ያየው እሱ መሆኑን ጻፍኩ፤ ከዚያ በኋላ እኔ ያደረግሁትን አስከተልኩ። አንድ ጓደኛዬ «አውጪው፣ ነጥብ ያስቀንስብሻል» አለችኝ። አላወጣሁትም። አልቀነሰብኝምም። ጋሼ ራሱ ግን ምንም ወረቀት የለውም። ለቤት ሥራ ወደ ዓረብ አገር የምትሄድ ልጅ እንኳ ሠልጥና ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ማረጋገጫ መያዝ አለባት፤ ዕድሜውን በሳይት የጨረሰ ሰው ግን ያለ አንዲት ምስክር ወረቀት ጡረታው ይደርሳል። ይኼ ያንገበግበኛል።

ቴሌግራም ላይ የተዘጋጀ ሲዲአር የሚሸጡ አሉ። ለኔም መጥቶልኛል። ማኅበሩ ጽሑፍ ከጽሑፍ በሶፍትዌር ያመሳክራል፤ የተገለበጠ ከተገኘ ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል፣ ለተወሰነ ጊዜም ዳግም ማመልከት ይከለክላል። ገንዘቡ ይቅር። ግን ጥሩ የሠራ ልጅ የሌላ ሰው ድልድይ ተሸክሞ ሲሄድ የራሱ ሥራ የት ይግባ?

ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ አካባቢ የምትኖር የኮሌጅ ጓደኛ አለችኝ። በባሏ በኩል ነው የሄደችው፤ እዚህ ሦስት ድልድይ ላይ የሠራች መሐንዲስ ናት። አሁን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች። ለመመዘን ስትነሳ አንደኛው መሥሪያ ቤቷ ፈርሷል፣ የሌላውን ደብዳቤ ወንድሟ ቢሮ ለቢሮ እየዞረ ሲለምንላት ከረመ። «እዚያው ሆነሽ ጨርሺ» ያለችኝ እሷ ናት። ባልሰማት ኖሮ እኔም እንደሷ በሆንኩ ነበር። የሷ ገና አልተሳካም። ትናንት ደስታዬን ስነግራት አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ።

ባለፈው ሳምንት አብራኝ የምትሠራ ጀማሪ መሐንዲስ ሥራ ለቃ ስለነበር የልምድ ደብዳቤዋን ረቂቅ እኔ ልጻፈው አልኩ። የትኛውን ሶሌታ እንደተቆጣጠረች፣ የአርማታው ጥንካሬ የሚለካበት የኪዩብ ፈተና በ28ኛው ቀን ወድቆ ምን እንዳደረገች፣ የክፍያ ሰነድ ላይ ያገኘችውን ስህተት ሁሉ አስገባሁ። ሁለት ገጽ ሆነ። ሥራ አስኪያጃችን «ይህ ሁሉ ለምንድነው?» አለ። ከዚያ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው አነበበው። «ይቺን ልጅ እኮ መልቀቅ አልነበረብንም» አለና ፈረመ። ለሌሎቹም በዚሁ መልክ እንዲሆን ጠይቄው ተስማምቷል፤ ቅጹን ሰኞ አዘጋጅቼ እሰጠዋለሁ።