«እግር ካለኝ ምን ይቸግረኛል?»

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። ሯጭ ነው፤ በቅርቡ ለውድድር ወደ አሜሪካ ይመጣል። «ጋሼ፣ እዛው ብቀርስ? እግር ካለኝ ምን ይቸግረኛል?» አለኝ።

ላዝሎ ታቦሪም እግር ነበረው። ሃንጋሪያዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ለንደን ላይ አንድ ማይልን በ3:59.0 ገባ። ከሱ በፊት ከ4 ደቂቃ በታች የገቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት 1500 ሜትርን በ3:40.8 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰንን ተጋራ።

በ1956 የሶቪየት ታንክ ቡዳፔስትን ሲረግጥ፣ እሱ ወደ ሜልበርን ኦሊምፒክ ሄደ። የኛ አገር መጀመሪያ የተካፈለችበት፣ ማሞ ወልዴም 1500 የሮጠበት ኦሊምፒክ ነው። ታቦሪ በ1500 4ኛ፣ በ5000 6ኛ ወጣ። ከዚያ አገሩ አልተመለሰም። ከአሰልጣኙ ከሚሃይ ኢግሎይ ጋር አሜሪካ ቀረ።

1960፣ ሮም። እኛ አበበን ስናስታውስ ልባችን ይሞላል። ታቦሪ ያኔ 29 ዓመቱ ነበር፤ ግን አልሮጠም። ሃንጋሪን ትቷል፣ የአሜሪካ ዜግነት የለውም። ማንን ወክሎ ይሰለፍ? በ1962 ሩጫ አቆመ።

ይሄ ታሪክ የሚያመኝ በምክንያት ነው። እዚህ ሎስ አንጀለስ በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት አንድ ክለብ ለውጭ አገር ውድድር መረጠኝ። ክረምቱን ሙሉ ከሌሊት ሥራ ወጥቼ ስሮጥ ከርሜያለሁ። ኃላፊው ፓስፖርት ጠየቀኝ። የስደተኛ ወረቀቴን አሳየሁት። አገላብጦ አየው። ከዚያ እፊቴ ስሜን በእስክሪብቶ ሰረዘና ከላዩ የሌላ ልጅ ስም ጻፈ። ቀለሙ ሰማያዊ ነበር። ያንን መስመር እስከ ዛሬ አያለሁ።

ፈረንጁ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰማ «ማራቶን ትሮጣለህ ማለት ነው!» ይለኛል። ሐበሻው ደግሞ «በሰዓት ስንት ይከፍሉሃል?» ነው የሚለኝ። ወረቀትህ ስንት ዓመት ፈጀ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እናንተ ልትወጡ ያሰባችሁ ልጆች ግን እሱን ጠይቁ። ጉዳያችሁ እስኪያልቅ ጉልበታችሁ ቁጭ ብሎ አይጠብቃችሁም።

ታቦሪ እዚሁ እኔ ያለሁበት ከተማ አሰልጣኝ ሆኖ ኖረ። ያሠለጠናት ጃክሊን ሃንሰን በ1975 ማራቶንን በ2:38:19 ገባች፤ ከ2:40 በታች የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። እሱ በ2018 አረፈ።

ይሄን ሁሉ ስነግረው የአክስቴ ልጅ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «እሺ፣ ጫማ ግን ትልክልኛለህ?» አለኝ።

ቁጥሩ 42 ነው። ሰው ሲሄድ እልክለታለሁ።