የጨረር ስም ከመነሻው ይጀምራል

እዚህ ባሕር ዳር የጎረቤት ልጆችን ሒሳብ ሳስጠና፣ ከጂኦሜትሪ መግቢያ ውስጥ እንደ ጨረር አሰያየም በቸልታ የሚታለፍ ነገር አላየሁም። ልጆቹ ሥዕሉን አስተካክለው ይሥላሉ፤ ስሙን ሲጽፉ ግን ፊደሎቹን እንደ መጣላቸው ያስቀምጣሉ። ይህ ግን የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

መስመር በሁለቱም አቅጣጫ ያለ ገደብ ስለሚቀጥል፣ በላዩ ባሉት ነጥቦች ሀ እና ለ ሲሰየም ሀለ ተባለ ለሀ ያው ነው። ቁራጭ መስመርም ከየትኛውም ጫፍ ቢጠራ ለውጥ የለውም። ጨረር ግን ከአንድ መነሻ ነጥብ ተነሥቶ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለ ማብቂያ ስለሚሄድ፣ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል የግድ መነሻው መሆን አለበት፤ ሁለተኛው ፊደል ደግሞ ጨረሩ ከሚያልፍባቸው ሌሎች ነጥቦች የፈለግነው ሊሆን ይችላል።

ሀ፣ ለ እና መ በአንድ መስመር ላይ በዚሁ ቅደም ተከተል ይገኛሉ እንበል። (ሐን ሆን ብዬ ትቻታለሁ፤ በቃል ሲነገር ከሀ አይለይምና።) ጨረር ሀለ እና ጨረር ሀመ አንድ ጨረር ናቸው። ጨረር ለመ ግን ሁለንተናው በጨረር ሀመ ውስጥ ቢገኝም፣ መነሻው ለ ስለሆነ ሌላ ጨረር ነው። ለሐይቁ ዳር ልጆች ይህን የማስረዳው በዓባይ ነው፤ ከጣና የሚወጣውን ወንዝ «ከጣና ወደ ጢስ ዓባይ የሚሄደው» ብንለውም «ከጣና ወደ ሱዳን የሚሄደው» ብንለውም የምንጠራው ያንኑ ወንዝ ነው፤ «ከጢስ ዓባይ ወደ ሱዳን» ስንል ግን መነሻውን ቀይረናል። እርግጥ ዓባይ ጎጃምን ዞሮ ስለሚሄድ ቀጥተኛ አይደለም፤ ምሳሌው የሚያገለግለው ለመነሻው ጉዳይ ብቻ ነው።

ብዙውን ጊዜ ስሕተቱ የሚመጣው ጨረሩ ወደ ግራ ሲሣል ነው። አንዱ ተማሪ መነሻውን መን በቀኝ፣ ለን በግራ አድርጎ ቀስቱን ወደ ግራ ከሣለ በኋላ «ጨረር ለመ» ብሎ ጻፈ፤ ዓይኑ ከግራ ወደ ቀኝ ማንበብ ስለለመደ ፊደሎቹን እንዳገኛቸው ገለበጣቸው። ትክክለኛው ስም ጨረር መለ ነው። ከፊደሎቹ በላይ የምትደረገው ትንሽ ቀስትም፣ ጨረሩ በሥዕሉ ላይ ወደየትም ቢያመለክት፣ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ትጻፋለች፤ የምትናገረው ከመጀመሪያው ፊደል ወደ ሁለተኛው መሄዱን እንጂ የሥዕሉን አቅጣጫ አይደለምና።

ልጆቹ ነገሩን መጨበጣቸውን የማረጋግጠው በዚያው መስመር ላይ ከመ ቀጥሎ ረን በመጨመር ነው። በአራቱ ነጥቦች 12 የጨረር ስሞች መጻፍ ይቻላል፤ የተለያዩት ጨረሮች ግን 6 ብቻ ናቸው። ከሀ የሚነሡት ሦስት ስሞች አንድ ጨረር ናቸው፤ ከረ የሚነሡትም እንዲሁ፤ ከለ እና ከመ ግን ሁለት ሁለት ተቃራኒ ጨረሮች ይነሣሉ። ይህን ሳይቸገር የቆጠረ ልጅ ወደ ዘዌ፣ ማለትም ከአንድ ነጥብ የሚነሡ ሁለት ጨረሮች ወደሚሠሩት ማዕዘን፣ ቢሻገር አልሰጋም፤ ሦስቱ ነጥቦች በአንድ መስመር ላይ ባይሆኑም እንኳ የዘዌ ሀለመ ጎኖች ጨረር ለሀ እና ጨረር ለመ እንጂ ጨረር ሀለ እና ጨረር ለመ እንዳልሆኑ ራሱ ይደርስበታል።